ሁለት እጅ ለስልኩ፣ ውርወራው ለሌጎው

ከመጀመሬ በፊት

የወረቀት አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ትንሽ የሞተር ዕቃ አለኝ። አፍንጫው ላይ ባትሪና የብሉቱዝ መቀበያ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ቀጭን የካርቦን ዘንግ፣ ጭራው ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ሚጢጢ ሞተሮች ከነፕሮፔለራቸው። መሪ ክንፍ የለውም። ወደ ግራ ለመታጠፍ የቀኙ ሞተር ይበረታል፣ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የግራው። የሚነዳው ስልኩን በሁለት እጅ ይዞ ወደሚፈለገው ጎን በማዘንበል ነው።

ችግሬ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሁለቱም እጆቼ ስልኩ ላይ ከሆኑ አውሮፕላኑን ማን ይወረውርልኛል? እስካሁን ስልኩን በግራ እጄ ይዤ በቀኙ እወረውር ነበር። ቀኝ እጄን ወደ ስልኩ እስክመልስ አውሮፕላኑ ወይ ግድግዳ ያገኛል ወይ መሬት። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የክንፉን ጠርዝ ትንሽ አቃንቼ እወረውረዋለሁ፤ ወደ ግራ ይሄዳል። ጥፋቱ የእጥፋቱ ነው ወይስ የክንዴ? መለያ የለኝም። ክንዴ በየውርወራው ከተለያየ ስለ ወረቀቱ ምንም ልማር አልችልም።

ስለዚህ የምፈልገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚወረውር ዕቃ ነው። ቤት ያለው ሌጎ ቴክኒክ (ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መጫወቻ)፣ ኤል የሚባሉ ሁለት የሌጎ ሞተሮች፣ ኤም የሚባል አነስ ያለ አንድ ሞተርና የባትሪ ሳጥን በቂ ይመስለኛል። የሠራሁትን ቀን በቀን እዚህ እጽፋለሁ።

1ኛ ቀን

መጀመሪያ ማወቅ ያለብኝ በምን ያህል ፍጥነት መወርወር እንዳለበት ነው። ግድግዳው ላይ በየ10 ሴንቲሜትሩ የናስትሮ ምልክት ለጠፍኩ። ልጄ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳ የስልክ ካሜራ ከጎን ቆማ ቀረጸችኝ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 2.5 ሴንቲሜትር ከተጓዘ ፍጥነቱ 6 ሜትር በሰከንድ ነው።

10 ጊዜ ወረወርኩ። ዝቅተኛው 4.4፣ ከፍተኛው 8.1 ሜትር በሰከንድ ወጣ። በወረወርኩበት ሰዓት ሁሉንም እኩል የወረወርኩ መስሎኝ ነበር። ደህና የበረሩት 5 እና 6 መካከል ያሉት ናቸው። ከዚያ በላይ የሆኑት አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይቆሙና ይወድቃሉ፣ ከዚያ በታች የሆኑት ገና ከእጅ ሲለቀቁ ይሰምጣሉ። ዒላማዬ 6 ይሁን።

ክብደቱን መዘንኩ። አንድ ኤ4 ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ከሆነው ዓይነት በትክክል 5 ግራም ነው (16 ቅጠል ኤ4 አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል)። የሞተር ዕቃው በእኔ ሚዛን 11 ግራም። ድምሩ 16 ግራም።

ሁለት መንገድ አሰብኩ፤ አንዱ ላስቲክ ወጥሮ መልቀቅ፣ ሌላው በሚሽከረከሩ ሁለት ጎማዎች መካከል አጣብቆ ማስወጣት። ላስቲኩ ቀላል ነው። ግን ጉልበቱ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ መንጠቆ ይፈልጋል፣ መንጠቆው ይቀደዳል፣ በየውርወራውም በእጅ መወጠር አለበት። የቴኒስና የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ማሽኖች በሁለት ጎማ የሚሠሩት አለምክንያት አይደለም። በጎማዎቹ ወሰንኩ።

አውሮፕላንን በራሱ ሞተር ብቻ ከማስነሳት ይልቅ መግፋት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ራይት ወንድማማቾች በሃፍማን ፕሬሪ ሜዳ ነፋሱ ሲደክምባቸው ማማ ሠርተው፣ ከላዩ ከባድ ክብደት በገመድ አንጠልጥለው ይለቁት ነበር። ክብደቱ ሲወድቅ ገመዱ አውሮፕላኑን በሐዲዱ ላይ ይስበዋል። በአጭር መንገድ የሚያስፈልገውን ፍጥነት ማግኘት፤ የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው። መንገዴ ግን የአውሮፕላኑ የራሱ ርዝመት ያህል፣ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ናት።

2ኛ ቀን

ዛሬ ምንም አልገጠምኩም። ከወረቀትና እርሳስ ጋር ዋልኩ፤ ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሌጎ ለስሌት ይመቻል። የቀዳዳ ለቀዳዳ ርቀቱ 8 ሚሊሜትር ነው። የማርሾቹ ስፋት ደግሞ በጥርሳቸው ቁጥር ይታወቃል፤ ባለ 40 ጥርሱ የሚነክስበት ክብ 40 ሚሊሜትር፣ ባለ 8 ጥርሱ 8 ሚሊሜትር ነው። የሁለቱ ግማሽ ሲደመር 24 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ 3 ቀዳዳ። አንዱን ከሌላው በ3 ቀዳዳ አርቄ ብተክል ጥርሶቹ በትክክል ይገጥማሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የባለቤትነት መብት ማመልከቻ የቀረበለት ጡብ ዛሬ ከተመረተው ጋር የሚገጥመው ይህ መለኪያ ስላልተነካ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ኤል ሞተር በ9 ቮልት ባዶውን ሲዞር በደቂቃ 390 ዙር ገደማ ይሰጣል። ኤክስኤል የሚባለው ትልቁ ሞተር ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ፍጥነቱ ግን 220 ብቻ። ጎማዎቹን ወስጄ ጎናቸውን አነበብኩ፤ 62.4 በ20 ይላል። የ62.4 ሚሊሜትር ጎማ ዙሪያው 19.6 ሴንቲሜትር ነው። ከኤል ሞተሩ ላይ ባለ 40 ጥርስ፣ ከጎማው ዘንግ ላይ ባለ 8 ጥርስ ባደርግ ፍጥነቱ 5 እጥፍ ያድጋል፤ በደቂቃ 1950፣ በሰከንድ 32.5 ዙር። በ19.6 ሴንቲሜትር ሲባዛ 6.4 ሜትር በሰከንድ። ዒላማዬን ጥቂት አለፍ ያለ ስለሆነ በፍትጊያ የሚጠፋውን ይችላል።

ጉልበቱስ? 16 ግራም ነገር በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ ከቆመበት ወደ 6 ሜትር በሰከንድ ለማድረስ 1.4 ኒውተን ገደማ ይፈልጋል። ለሁለት ጎማ ሲካፈል፣ ከዚያ በ5 እጥፉ ማርሽ ወደ ሞተሩ ሲመለስ፣ ለእያንዳንዱ ኤል ሞተር 11 ኒውተን ሴንቲሜትር የማዞር ኃይል ይደርሰዋል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው 18 ላይ ነው። ማለትም ሞተሩ ይታገላል ግን አይሸነፍም። አንድ ሞተር ለሁለቱም ጎማ ቢሆን 22 ይደርስበትና ይቆማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር፤ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እንዲዞር የአንዱን ገመድ በአቅጣጫ መቀየሪያ ማብሪያ በኩል አሳልፋለሁ።

3ኛ ቀን

ክፈፉን ገጠምኩ። ሁለት ዘንጎች ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጎማዎቹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተጋድመው፣ ሞተሮቹ ከሥር። ከክንፉ በታች የሚንጠለጠለውንና በጣት የምንይዘውን እጥፋት ከአሁን በኋላ እጀታ ልበለው። እጀታው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያልፋል፣ ክንፎቹ ከጎማዎቹ በላይ ይንሳፈፋሉ።

ሞተሮቹን አበራሁ። ድምፁ ኃይለኛ ነው። ወረቀቱን አስገባሁ፤ ምንም። እጀታው በጎማዎቹ መካከል ሳይነካ ገብቶ ሳይነካ ወጣ።

ትናንት ያን ሁሉ አስልቼ ይህንን አላሰላሁም። የዘንጎቹ ርቀት 8 ቀዳዳ፣ ማለትም 64 ሚሊሜትር ነው። የጎማው ስፋት 62.4። ክፍተቱ 1.6 ሚሊሜትር ሆነ። የወረቀቱ እጀታ ግን ብዙ ቦታ ከ1 ሚሊሜትር አያልፍም።

ዘንጎቹን ወደ 7 ቀዳዳ አቀራረብኩ፤ 56 ሚሊሜትር። አሁን ደግሞ ጎማዎቹ እርስ በርስ 6.4 ሚሊሜትር ተጫጫኑ። ሞተሮቹ አቃሰቱ፣ ጥቂት ዞረው ቆሙ። 8 ይሰፋል፣ 7 ይጠባል። ትናንት ያመሰገንኩት የ8 ሚሊሜትር መለኪያ ዛሬ አሰረኝ።

5ኛ ቀን

አንዱን ጎማ በሚወዛወዝ ክንድ ላይ ሰቅዬ በላስቲክ ወደ ሌላው ጎማ እንዲሳብ ላደርግ አሰብኩ፤ ወረቀቱ ቀጭንም ሆነ ወፍራም ክንዱ ራሱ ያስተካክላል። የክንዱ ማዞሪያ በባለ 40 ጥርሱ ማርሽ ዘንግ ላይ ከሆነ፣ ክንዱ ወዴትም ቢወዛወዝ ባለ 8 ጥርሱ ከትልቁ የ3 ቀዳዳ ርቀቱን ጠብቆ ይዞራል። በሐሳብ ደረጃ ያማረ ነው፤ ለመሥራትም ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

ማዞሪያውን ወረቀቱ ከሚገባበት በኩል አድርጌ ሞከርኩት። ጎማው ወረቀቱን እንደነካ ክንዱ በኃይል ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ወረቀቱን ነከሰ፣ ሁለቱም ጎማዎች ደርቀው ቆሙ። እጀታው ተጨማደደ። ላስቲኩን አላላሁት፤ ያው። ጭራሽ ፈታሁት፤ አሁንም ያው!

ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። ትልቁ ማርሽ ትንሹን ሲገፋ የሚገፋው ጥርሱን ብቻ አይደለም፤ ትንሹን የተሸከመውን ክንድ ራሱንም ራሱ ወደሚዞርበት ይዞት መሄድ ይፈልጋል። ጎማው ባዶውን ሲዞር ይህ ግፊት ትንሽ ነው። ወረቀቱ ሲገባና ጎማው ሸክም ሲሰማው ግፊቱ ያድጋል፤ ክንዱ ይበልጥ ይጫናል፤ ሲጫን ፍትጊያው ይጨምራል፤ ፍትጊያው ሲጨምር ሸክሙ ያድጋል፤ እንዲህ እየተባለ እስኪደርቅ። ማዞሪያውን ወደ ወረቀቱ መውጫ በኩል አዛውሬ ሞከርኩ። ግምቴ ልክ ነበር፤ አሁን ጎማው ወረቀቱን ሲነካ ይሸሻል። ነክቶ ይሸሻል፣ ነክቶ ይሸሻል፤ ድምፁ እንደ ከበሮ። ወረቀቱ አንድ ክንድ ርቀት ሄዶ ወደቀ።

በማርሽ የሚነዳ ጎማ በክንድ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው ሁለት ምሽት ይተርፈዋል። ክንዱን ፈታሁት፣ ወደ 8 ቀዳዳው ተመለስኩ።

6ኛ ቀን

ርቀቱን መለወጥ ካልቻልኩ ጎማውን ላወፍር። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቀለበቶች ቆርጬ ጎማዎቹ ላይ ወጠርኩ። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ክፍተቱን ከበቂ በላይ ይዘጋል። በእጅ ሳዞረው ወረቀቱን ቆንጆ አድርጎ ይዞ አወጣ።

ሞተሩን ሳበራ ግን በሦስተኛው ሰከንድ አንዱ ቀለበት ወጥቶ ጆሮዬ አጠገብ አለፈ። በሰከንድ 30 ጊዜ በሚዞር፣ ከመሃሉ እስከ ጫፉ 3 ሴንቲሜትር በሆነ ጎማ ጫፍ ላይ ያለ ነገር ከክብደቱ ከ100 እጥፍ በላይ ወደ ውጭ ይጎተታል። 3 ግራም የሆነው ቀለበት እንደ 300 ግራም ሆኖ ይለጠጣል፣ ይላላል፣ ያመልጣል። ከዛሬ ጀምሮ ያለ መከላከያ መነጽር አላበራውም፤ ልጄም ከጎማዎቹ ትይዩ እንዳትቆም ነግሬያታለሁ። ማጣበቂያ መቀባት ይቻል ነበር፣ ጎማዎቹን ግን ማበላሸት አልፈለግሁም።

9ኛ ቀን

ሦስት ቀን አልነካሁትም። ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ጠረጴዛውን ሳስተካክል አንድ አሮጌ አውሮፕላን አገኘሁ፤ በተደጋጋሚ ተቀዶ እጀታው በስኮች ላይ ስኮች የተጠገነ። ዝም ብዬ በጎማዎቹ መካከል አስገባሁት። ተወርውሮ መጋረጃው ላይ ተሰካ።

በካሊፐር ለካሁት፤ የተጠገነው ቦታ 2.1 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ 1.6።

ይህን ያህል ቀን ማሽኑን ወደ ወረቀቱ ለማምጣት ስታገል ወረቀቱን ወደ ማሽኑ ማምጣት አልታየኝም ነበር። ወዲያው አዲስ አውሮፕላን አጠፍኩ። እጀታው ውስጥ ከአፍንጫ እስከ ጭራ የወፍራም ካርድ ቁራጮች ደራርቤ በኮላ አጣበቅሁ፤ 2.2 ሚሊሜትር እስኪሆን። እያንዳንዱ ጎማ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ይጫናል፣ ለሞተሩም አይከብድም። ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ከሳሳ ጎማው እዚያ ይንሸራተታል። የጨመረው ክብደት 1 ግራም ገደማ ነው። እጀታው ጠንካራ ስለሆነም ከአሁን በኋላ በጎማው አይጨማደድም።

10ኛ ቀን

እውነተኛውን የሞተር ዕቃ ገና አላስገባም። በምትኩ 11 ግራም ፕላስቲሲን ዘንግ ላይ አድርጌ በዚያው ቦታ ለጠፍኩ። ጎማዎቹ ላይ ነጭ ነጥብ ቀባሁና በ240ው ካሜራ ቀረጽኩ።

ባዶውን ሲዞር ነጥቡ በየ8 ምስሉ አንድ ዙር ይጨርሳል። 240 ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 30 ዙር፤ የጎማው ጠርዝ 5.9 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል ማለት ነው። ከ32.5 ወደ 30 የወረደው በፍትጊያ ነው፣ የጠበቅሁት። አውሮፕላኑ ግን የወጣው በ3.9 ነው። ቀረጻውን መለስ አድርጌ ነጥቡን ቆጠርኩ። ወረቀቱ ወጥቶ ሲያበቃ ጎማው በየ12 ምስሉ አንድ ዙር ነበር የሚዞረው፤ በሰከንድ 20። በ19.6 ሴንቲሜትር ሲባዛ ያው 3.9። ወረቀቱ ጎማውን በሚገባ ደርሶበታል፤ ጎማው ራሱ ነው የደከመው።

አውሮፕላኑ በጎማዎቹ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ የሚያዋጣው ጥቂት ነው፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ጎማው በሽክርክሪቱ ባጠራቀመው ጉልበት ነው። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 20 ሲወርድ የተጠራቀመው ከግማሽ በላይ ሄዷል ማለት ነው፤ ጉልበቱ የሚለካው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። የሌጎ ጎማ ቀላል ነው፣ ሸክሙ ደግሞ ከጎማው ጋር የሚወዳደር። የሚያስፈልገኝ ቮላኖ ነው፤ መኪና ሞተር ላይ ምቱ እንዳይቆራረጥ የሚታሰረው ዓይነት ከባድ መሽከርከሪያ።

11ኛ ቀን

በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከሥር ሁለተኛ 62.4 ጎማ ጨመርኩ። የሚነካው ነገር የለም፣ ጉልበት ብቻ ያጠራቅማል። ውጤት፦ ከውርወራው በኋላ በየ10 ምስሉ አንድ ዙር፣ በሰከንድ 24። አውሮፕላኑ በ4.7 ወጣ። መሻሻል ነው፣ ግን አይበቃም።

ከሥር ያሉትን አውጥቼ በ81.6 ሚሊሜትሮቹ የሞተርሳይክል ጎማዎች ቀየርኳቸው። ዋናው ነገር ክብደታቸው ከመሃል ራቅ ብሎ ዳር ላይ መሆኑ ነው፤ አንድ ግራም ከዘንጉ በእጥፍ ርቀት ቢቀመጥ አራት እጥፍ ያጠራቅማል። የዘንጎቹ ርቀት 64 ስለሆነ ሁለት ባለ 81.6 ጎማ ጎን ለጎን አይገቡም። አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጌ አነባበርኳቸው፤ አንዱ ከሌላው ሥር ይዞራል።

አሁን ከውርወራው በኋላ በየ9 ምስሉ አንድ ዙር። 5.2 ሜትር በሰከንድ። አሥር ጊዜ ወረወርኩ፤ ዝቅተኛው 5.1፣ ከፍተኛው 5.3። ከእጄ 4.4 እና 8.1 ጋር ሳስተያየው ለረጅም ጊዜ ቁጥሮቹን ዝም ብዬ አየኋቸው። 6 አልደረሰም፣ ግን 5 እና 6 መካከል ነው፤ ሲነሳ የራሱ ፕሮፔለሮችም ይረዱታል። እዚህ ላይ ፍጥነት ማሳደዱን አቆምኩ።

ዋጋው የማስነሻ ጊዜ ነው። ጎማዎቹ ሙሉ ፍጥነት ለመድረስ ቀድሞ 2 ሰከንድ ይበቃቸው ነበር፤ አሁን 6 ይፈልጋሉ።

ባትሪውም ለውጥ ያመጣል። 6 ተራ የአልካላይን ባትሪ 9 ቮልት ነው፤ 6 ቻርጅ የሚደረግ 7.2። በሁለተኛው ዓይነት ውርወራው በግልጽ ደከመ። ውጤት ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የባትሪውን ዓይነት መቀያየር የለበትም።

12ኛ ቀን

ሁለት ብልሽት። አንደኛ፣ ሲነሳ ‹ጠቅ ጠቅ› ይላል፤ ባለ 8 ጥርሱ ከትልቁ እየዘለለ ነው። ማርሾች ሸክም ሲበዛባቸው ይገፋፋሉ፣ ዘንጎቹ ይራራቃሉ። ዘንጎቹን የያዝኩት ከሥር ብቻ ነበር። ከላይም አግዳሚ ጨምሬ ከሁለቱም በኩል አሰርኳቸው፤ ጠቅታው ጠፋ።

ሁለተኛ፣ ዘንጎቹ በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ግራጫ ዱቄት። የሌጎ ዘንግ ኩሽኔታ የለውም፤ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ውስጥ በደቂቃ 1800 ጊዜ ሲዞር ይፈጫል። ጠርጌ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት አደረግሁ። ተራ የማሽን ዘይት ፕላስቲኩን ሊጎዳ ስለሚችል አልነካሁትም። ቀዳዳው ከሰፋ አግዳሚውን እቀይራለሁ፤ የሚያልቅ ዕቃ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

14ኛ ቀን

እስካሁን አውሮፕላኑን በእንጨት ነበር የምገፋው። ዛሬ ገፊውን ሠራሁ፤ ኤም ሞተር፣ ባለ 8 ጥርስ ማርሽ፣ ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ ሐዲድ። ማርሹ አንድ ጊዜ ሲዞር ሐዲዱ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል። የእጀታውን ጭራ ገፍቶ አፍንጫውን ለጎማዎቹ ያቀብላል፣ ከዚያ እነሱ ይነጥቁታል። መደርደሪያው ወደ ላይ 10 ዲግሪ ያጋደለ ነው።

16ኛ ቀን፣ ሜዳ

እውነተኛው ዕቃ የመጀመሪያ ቀኑ። በረራ አልነበረም፣ ሦስት ትምህርት ነበር።

የመጀመሪያው ውርወራ፦ አውሮፕላኑ ሄደ፣ አፍንጫው ላይ ያለው ዕቃ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቀረ። ከጎማው ሲወጣ የመሬት ስበትን 7 እጥፍ ያህል ይገፋል፤ 11 ግራሙ ለዚያች ቅጽበት ወደ 80 ግራም ይከብዳል። ወረቀቱ ላይ ያለው መያዣ ስንጥቅ ይህን አልቻለም። ስንጥቁን በስኮች አጠነከርኩ፣ ከኋላውም የካርድ መደገፊያ ለጠፍኩ።

ሁለተኛው፦ የግራው ፕሮፔለር የጎማውን ጫፍ ነካ። ‹ጣ!› የሚል ድምፅ፤ ምላጩ አልተሰበረም፣ ዕድለኛ ነኝ። ፕሮፔለሩ ከክንፉ ወደ ታችም እንደሚወርድ ረስቼ ነበር። ቤት ስገባ እጀታውን በ1 ሴንቲሜትር አስረዝሜ አዲስ አጠፍኩ፣ ጎማዎቹንም በዘንጉ ላይ ወደ ታች አወረድኩ።

ሦስተኛው፦ ገፊውን የማስነሳው በኢንፍራሬድ ሪሞት ነበር። ቤት ውስጥ ከክፍሉ ጥግ ይሰማል። ፀሐይ ላይ ግን መቀበያው የፀሐይዋን ብርሃን ከሪሞቱ መለየት ያቅተዋል፤ አጠገቡ ካልቆምኩ አይሰማኝም። ደግሞስ ሪሞቱን በየትኛው እጄ ልይዝ ነው? ሥራውን የጀመርኩት እኮ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነው።

17ኛ ቀን

ሪሞቱን ተውኩት። ገፊው አሁን የሚነሳው በእግር ነው። ማብሪያውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ረጅም አግዳሚ እንደ ፔዳል ከላዩ አጋድሜ፣ በማራዘሚያ ገመድ አገናኘሁ። በጫማ ጫፍ ሲረገጥ ማብሪያው ይገለበጣል። ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት።

18ኛ ቀን፣ ሜዳ

ጠዋት፣ ነፋስ የለም። ጎማዎቹን አስነሳሁ፣ 6 ሰከንድ ቆጠርኩ፣ ፕሮፔለሮቹን በስልኩ አበራሁ፣ ረገጥኩ።

ወጣ። ቀጥ ብሎ 4 ሜትር ያህል ሄደ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ አረፈ። ስልኩን አላዘነበልኩም፤ ሆን ብዬ ሳልነካ ማየት ፈልጌ ነበር። ሁለተኛ፤ ወደ ግራ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፤ ሁሉም ወደ ግራ፣ ልጄ ያረፈበትን ሁሉ በድንጋይ ምልክት አደረገችበት። አምስቱም ድንጋዮች ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ተሰበሰቡ።

በእጅ ስወረውር ቢሆን ወደ ግራ በሄደ ቁጥር ክንዴን እወቅስ ነበር። አሁን የሚጠረጠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማሽኑ ወይም ወረቀቱ። አንዱ ኤል ሞተር ከሌላው ቢደክም ወረቀቱን አጣሞ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ሞተሮች አቀያየርኳቸው። ጥፋቱ የሞተሩ ከሆነ አሁን ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ረገጥኩ፤ ወደ ግራ፣ ከድንጋዮቹ አጠገብ።

እንግዲያው ወረቀቱ ነው። አውሮፕላኑን ከኋላው በዓይኔ ትይዩ ይዤ አየሁት። የግራው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ከቀኙ 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ቀና ብሏል። የኋላ ጠርዙ የቀና ክንፍ ወደ ታች ይጫናል፤ አውሮፕላኑም ወደዚያው ያጋድላል፣ ይዞራል። በሁለት ጣት አስተካከልኩት። ረገጥኩ።

ቀጥ ብሎ ሄደ። 5 ሜትር፣ 10፣ ከዚያ ስልኩን ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ሳዘነብል ታዘዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ጀምሮ ሁለቱም እጆቼ ስልኩ ላይ ነበሩ። ሰፊ ክብ ሠርቶ፣ በልጄ ራስ ላይ አልፎ፣ ወደ ማስወንጨፊያው ዞረ።

«አባዬ፣ እንዳይመታው!» አለችኝ።

አልመታውም። ከጎኑ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ 14 ጊዜ አስነሳን። በ12ኛው ላይ ባትሪው መድከም ጀመረ፤ የጎማዎቹ ድምፅ ወፍራም ሆነና ውርወራው አጠረ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ልጄ ፔዳሉን ረገጠች፣ እኔ ነዳሁ፣ ከዚያ ተለዋወጥን። የእሷ ክብ ከእኔ ይጠባል፤ ስልኩን ከእኔ በፍጥነት ታዘነብላለች፣ አውሮፕላኑ ሳይሰምጥባት ትመልሰዋለች።

የእጀታው ሁለት ጎን በጎማ ጥቁር ሆኗል፣ ከሥሩም ካርዱ መላቀቅ ጀምሯል። የዘንጎቹ ቀዳዳ ላይ ዱቄት የለም። ለነገ ሁለት አዲስ እጀታ በ2.2 ሚሊሜትር፣ አዲስ ባትሪ፣ እና በግራው ጠርዝ ፈንታ የቀኙን ሆን ብዬ 1 ሚሊሜትር አቃንቼ ምን ያህል እንደሚዞር መለካት።